ኩርባው ላይ የሚወርደው ሰው

አምቦ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለባሌ ታላቅ ወንድም፣ ለጋሼ ጉርሙ
ናይሮቢ

ሰላምታዬ ከደንዲ ጭቃና ከሞያሌ አቧራ ተርፎ ከእጅዎ ይግባ። ጌታ በሰው አገር መንገድዎን ይጠብቅልዎ፤ እንጀራዎን ይባርክልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ኦቦ ረጋሳ፣ አጎትዎ፣ ጊንጪ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። በፖስታ የሚሄድ ደብዳቤ ከባለቤቱ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል። ጉዩ የሚባል የቦረና ልጅ እስከ ሞያሌ ጭነት ያመላልሳል፤ ወንድሙ ደግሞ ናይሮቢ ይመላለሳል። ቢዘገይም በእነሱ ይደርሳል፤ መልስዎንም በእነሱ ይስጡኝ። አሁን የምጽፍልዎን ግን ቆመው አያንብቡት።

ከባኮ ወደ አምቦ ተዛውሬ ክትባት ላይ እንደምሠራ ያውቃሉ። በየወሩ ዙር እንወጣለን። ከአምቦ ወደ ወንጪ እንወጣለን፤ ከዚያ በተራራው ጀርባ፣ በገደሉ አፋፍ አፋፍ ወደ ደንዲ እንሻገራለን፤ ከደንዲ ጊንጪ እንወርድና በአስፋልቱ አምቦ እንመለሳለን። መንገድ አልኩት እንጂ መንገድስ አይደለም። ላንድሮቨሯ እንኳ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጌጤነሽ የምትባል አዲስ ክትባት ሰጪና ሾፌሩ። የድሮው ሾፌር ጡረታ ወጣና በመስከረም አዲስ ሾፌር መጣልን። ቦጂያ ይባላል።

ደንዲ ከመድረሳችን በፊት ጠባብ ኩርባ አለች። በአንድ በኩል ቋጥኝ ነው፣ በሌላው ገደል። ከታች የውሃው ድምፅ ይሰማል እንጂ ውሃው አይታይም። እዚያ ስንደርስ ቦጂያ ጡሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋው። ከፊታችን ሰው የለ፣ ከብት የለ። «ለማን ነው?» አልኩት። «እዚህ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ» አለና ሳቀ።

ከዚያ እየነዳ አወራልኝ፤ እንደ ሠርግ ወሬ! በሰባ ዓመተ ምሕረት አብዮት ጠባቂ ሆኖ የሸሹ ልጆችን ሲያሳድድ፣ እዚህች ኩርባ ላይ አንድ ላንድሮቨር አስቆሙ። «መኪናዋን አምጣ» አሉት ሾፌሩን። ሾፌሩ «ምጥ የያዛት ሴት ላመጣ ነው፣ አልሰጥም» አለ። አፈሙዝ ሲያዞሩበት ቁልፉን ነቅሎ ገደል ወረወረው። ቦጂያ ተኮሰ። «ቁልፉን ተከትሎ ወረደ» አለኝ። ልክ እንዲህ ነው ያለኝ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። «እኛ ሽቦ አገናኝተን አስነሳናትና ሄድን። በከንቱ ነው የወረወረው፣ ሞኝ!»

ባሌን፣ ሆርዶፋን ነው ሞኝ ያለው፣ ጋሼ። ያንን ኩርባ፣ ያንን ቁልፍ እኔና እርስዎ የማናውቀው ይመስል!

ገበሬዎች ቁልፉን አጠገቡ አግኝተው በገመድ ሲያወጡት እርስዎ ሞያሌን ተሻግረው ነበር፤ አላዩትም። እኔ አይቼዋለሁ። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከአራት ወር ትዳር የደረሰኝ ያ ነው። ማን እንደገደለው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነገረኝ አልነበረም፤ ራሱ ገዳዩ ነገረኝ። ማን መሆኔን አያውቅም። ሠርጋችን ባኮ ነበር፣ እሱ የባኮ ሰው አይደለም፤ ለእሱ ሲስተር ወርቅቱ ነኝ፣ በቃ።

ያን ቀን ደንዲ ደርሰን ልጆች ከተብኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለዚህ እጄ ሳስብ ነው የፈራሁት።

የደሙ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ምን ላድርግ? ይዘዙኝ።

የሆርዶፋ ሚስት፣
ወርቅቱ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወርቅቱ

የአባቶቼ አምላክ ዋቃ ያበርታሽ። የደረቀ እንባሽን ያየ እሱ፣ የጠላታችንን ቤት ያድርቅ፤ አሜን በይ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቼ ሳለ ነው። እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ አነበብኩት፤ ከዚያ መነሳት አቃተኝ። ኬንያዊው ጓደኛዬ «ታመምክ ወይ?» ብሎ በእግሬ ጎተተኝ። ምን ልበለው? ወንድሜን የገደለው ሰው በየወሩ ጡሩምባ ይነፋለታል ልበለው?

ወርቅቱ፣ በእናቴ ጡት ምዬልሻለሁ፤ ያ ሰው አፈር ሳይለብስ ጸጉሬን አልቆረጥም። እዚህ ፈረንጅ አንበሳ ለማሳየት በየጫካውና በየሸለቆው የምነዳ ሰው ነኝ። የላንድሮቨርን ሆድ ዕቃ ከራሴ ሆድ ዕቃ ይበልጥ አውቀዋለሁ። ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዛት ፍሬን ነው። እሱን ማላላት የሕፃን ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚደረግ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ከወንጪ ስትወርዱ ሊሆን ይችላል። አደጋ ነው ይባላል፤ በዚያ መንገድ ማን ይጠይቃል?

አንቺ ሴት ነሽ ብዬ አልንቅሽም። ሆርዶፋ ከእኔና ከአንቺ ሌላ ሰው የለውም። እናታችን በሐዘን ሄደች። ኦቦ ረጋሳ አርጅተዋል፣ ወሬም አይቋጥሩም፤ አትንገሪያቸው። ሁለታችን ነን። ሰውዬው የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ጻፊልኝ።

በርቺ። አልቅሰሽ እንዳታስነቂ።

ወንድምሽ ጉርሙ


አምቦ፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉርሙ

ይህ ወረቀት በደህና ይድረስዎ፤ ጌታም ከችኮላ ይጠብቅዎ ብዬ ልጀምር፣ ምክንያቱም ችኮላ አይቼብዎታለሁ።

ፍሬን ላላላ? ቆይ እንጂ! መኪናዋ ውስጥ ማን የሚሄድ መሰለዎ? እኔ አለሁ። ጌጤነሽ አለች፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ አባቷን የምትጦር ልጅ። በየመንገዱ የምንጭናቸው ነፍሰ ጡሮች አሉ። እርስዎ ናይሮቢ ተቀምጠው አንድ ሰው ለመግደል አምስት ሰው ገደል ይሰዳሉ? ሆርዶፋ ለአንዲት ምጥ ለያዛት ሴት ብሎ ነው የሞተው። አፈር በላሁ! ስለ ፍሬን ዳግመኛ እንዳይጽፉልኝ።

የማላደርግ ግን አይምሰልዎ። ጠይቀዋል፤ ልንገርዎ። የሚኖረው ጊንጪ ነው። ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት። ሳቂታ ነው፤ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ይሄ ያንገበግበኛል። አብሬው በልቼ አላውቅም። ደም ያለባቸው ሰዎች የደም እርቁን፣ ጉማውን፣ ሳይበሉ ከአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ ይሄን እርስዎ አይጠፋዎትም። እሱና ጌጤነሽ ከአንድ ሳህን ሲበሉ እኔ «ጨጓራዬን» እያልኩ ለብቻዬ ደረቅ ዳቦ አኝካለሁ። ያዝንልኛል። ባለፈው ከቤቱ እርጎ አመጣልኝ፤ ለጨጓራ ጥሩ ነው ብሎ! ዞር ሲል ሣር ላይ ደፋሁት።

አሁን ዋናውን ይስሙ። ያቺ ኩርባ በአንድ ዙር አትታጠፍም። መኪናው ትንሽ ይገባል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይገባል። ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ሰው ወርዶ፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ «ነይ፣ ነይ፣ በቃ!» እያለ በእጁ መጥራት አለበት። እስከ ቅርብ ጊዜ የምንወርደው እኔና ጌጤነሽ ነበርን። በታኅሣሡ ዙር ጌጤነሽ ፈርታ «በቃ» ማለቱ ጠፋባትና የኋላ ጎማው አፋፉን ናደው። ቦጂያ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። «ከዛሬ ጀምሮ ወርጄ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ጎማውንም መሬቱንም የማውቀው እኔ ነኝ። ሲስተር፣ አንቺ መሪ ትይዣለሽ፤ እጄን ብቻ ማየት ነው» አለኝ።

ገባዎ፣ ጋሼ? እሱ ከኋላ፣ ገደሉ ከእሱ ኋላ፤ እኔ መሪው ላይ። ራሱ ለመነኝ!

ስለዚህ መንዳት እያስተማረኝ ነው። ከወንጪ በኋላ ሜዳው ላይ መሪውን ይለቅልኛል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደህና አስተማሪ ነው፤ አይቆጣም። ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ እሱ ይስቃል፣ «እንደገና» ይላል። ለማንም ቸኩዬ አላውቅም፤ ለዚህም አልቸኩልም። ኩርባዋን የሚሰጠኝ በደንብ ስለምድ ነው።

አንድ ነገር ይላኩልኝ። ጫማዬ ፔዳሉ ላይ ይንሸራተታል። ሶሉ ቀጭንና የሚይዝ፣ የሾፌር ጫማ ይላኩልኝ፤ ቁጥሬ ሰላሳ ስምንት ነው።

ወርቅቱ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወርቅቱ

ጉልበትሽን ያጽናው፤ እግርሽን ከመንሸራተት ይጠብቀው። ጫማውን ከጉዩ ወንድም ጋር ልኬዋለሁ። ሕንድ ሱቅ መርጬ የገዛሁት ነው፤ ጥቁር፣ ማሰሪያ ያለው። ስታደርጊው እኔ አብሬሽ እንደቆምኩ ቁጠሪው።

ስለ ፍሬኑ ልክ ነሽ፤ ተናድጄ ነው። የአንቺ ይሻላል። ወንድ ቢሆን እንዲህ አያስብም ነበር! ፍሪሲዮን ስትለቂ ተረከዝሽን መሬት አስነኪ። የኋላ ማርሽ ስታስገቢ አትፍሪ፤ ሲሄድ ይጮኻል፣ ጩኸቱ ልማዱ ነው። ቁልቁል ከሆነ ነዳጅ አትስጪ፣ ራሷ ትወርዳለች።

ክረምት ሳይገባ ይሁን። ክረምት ከገባ መንገዱ ይዘጋል፣ እኔ ደግሞ መተኛት ትቻለሁ። ጸጉሬ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፤ ፈረንጆቹ ያምርብሃል ብለው ፎቶ ያነሱኛል። የተማለበት መሆኑን አያውቁ!

ጨርሰሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ፤ «ደረቀ» በይ፣ ይገባኛል።

ጉርሙ


አምቦ፣ ሰኔ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉርሙ

ጌታ ከክረምቱ ብርድ ይሰውርዎ ልል ነበር፤ ለካ እናንተ ዘንድ ክረምቱ ሌላ ነው። ብቻ ደህና ይሁኑ።

ጫማው ልኬ ነው፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ። «ደረቀ» ግን ልልዎ አልቻልኩም።

በግንቦቱ ዙር ኩርባዋን ሰጠኝ። ጌጤነሽ የክትባቱን ሳጥን ተሸክማ በእግሯ ወደ ፊት አለፈች፤ መኪናዋ እንድትቀል እዚያ ሁሌም እንዲያ ነው የምናደርገው። እሱ ወረደ። በመስታወት አየሁት። እጁን አነሳ፤ «ነይ» አለኝ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። መጣሁለት። ሆርዶፋ ከፊቴ መጣ፤ ያጠብኩት ደረቱ። ተረከዜ መሬት እንደነካ ነበር። ፍሪሲዮኑን ልለቀው ስል አንዲት አሮጊት እንጨት ተሸክማ ከቋጥኙ ሥር ብቅ አለችና ከቦጂያ ጎን ቆማ ሰላምታ ጀመረችው። አካም ጂርታ፣ አካም ጂርታ፣ ማለቂያ የለው! ከብቶቹን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቶቹን እየጠራች ትጠይቀዋለች። ፍሬን ያዝኩ።

አዝኜለት አይደለም፣ ይወቁልኝ። አሮጊቷን አልገድልም ብዬ ነው።

አሁን ዝናቡ ገብቷል፤ እስከ ጥቅምት ዙር የለም። ይታገሡኝ። ለማንም አላወራሁም። በመስከረም ደግሞ ይጻፉልኝ፤ ድምፅዎን ስሰማ እበረታለሁ።

ወርቅቱ


አምቦ፣ መስከረም 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉርሙ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ። ጉዩ ሦስቴ ተመልሶ መጣ፤ ሦስቴም «ምንም አልሰጡኝም» አለኝ። ታመው ነው? ወይስ ተቀየሙኝ? ጉዩን ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ያየውን አይናገርም፣ ጨዋ ነው፤ እኔን ግን አናደደኝ።

መንገዱ ሊደርቅ ነው። እኔ ዝግጁ ነኝ። እባክዎ አንድ መስመር እንኳ።

ወርቅቱ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለወርቅቱ

የሰላም ባለቤት የሆነው አምላክ ልብሽን በሰላም ይሙላው፤ ቤትሽን ይጎብኘው፤ ሥራሽን ያቅናልሽ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዛብኝ። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት መንዳት ጀምሬያለሁ፤ ወረቀቴም ተስተካክሏል፣ አገር ቤት መግባት መውጣት ሳልችል አልቀርም።

ስለዚያ ነገር ብዙ አሰብኩበት። እኛ ሰዎች ነን፤ በቀል የእኛ ሥራ አይደለም። ደም ደምን ቢከተል መጨረሻው የት ነው? አንቺም ገና ወጣት ነሽ፤ ትዳር ልትይዢ ትችያለሽ። በዚህ ነገር ራስሽን ባታቃጥዪ ደስ ይለኛል። ኦቦ ረጋሳ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የቤተሰቡን ነገር ለእሳቸው ብንተወው ይሻላል። አንቺ ምንም እንዳታደርጊ፤ አደራ፣ አደራ። በሚቀጥለው ዙር ቢቻል ሌላ ሰው ይተካሽ።

ጤናዬ ደህና ነው። ጸጉሬን ተቆርጫለሁ፤ ሙቀቱ አስቸገረኝ።

ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት እንግዳ ይዤ። ስመጣ ሁሉን አጫውትሻለሁ። የሚያስፈልግሽ ልብስ ካለ ጻፊልኝ፤ ቀለሙንም ንገሪኝ።

አክባሪ ወንድምሽ፣
ጉርሙ


አምቦ፣ ጥር 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ጉርሙ

ሰላምታ ለምደህ ትጠብቅ ይሆናል፤ ዛሬ የለኝም። ምርቃትም የለኝም። ጋሼም፣ እርስዎም አልልህም፤ ለሚከበር ሰው አስቀምጫቸዋለሁ።

ሙቀቱ አስቸገረህ! ጸጉርህን መቆረጥህን ሳነብ ያኔውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ልብስ ምን ቀለም ትፈልጊያለሽ ትለኛለህ ደግሞ!

ሁሉን ነገር ከማን አፍ እንደሰማሁት ታውቃለህ? ከቦጂያ። ክትባት ዘግይቶብን የዘንድሮውን የመጀመሪያ ዙር ከጥምቀት በኋላ ወጣን። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እያፏጨ መጣ። ኩርባዋ ጋ ስንደርስ ጡሩምባውን አልነፋም። «ዛሬስ ወዳጅህን ሰላም አትለውም?» አልኩት። «ሲስተር፣ እንኳን ደስ አለህ በይኝ! ታርቀናል። ጉማ ተበላ፤ ደሜ ደረቀ» አለ። መኪናዋን አቁሞ ነው የነገረኝ፣ ደስታው ቢበዛበት። ጌጤነሽ ሳጥኗን ይዛ አልፋለች።

በአጎትህ በኦቦ ረጋሳ ደጅ በጉ ታረደ። ሽማግሎቹ ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ «የዚህ ደም ባለቤት፣ ያልተጠራ፣ የቀረ አለ ወይ?» ኦቦ ረጋሳ ሦስት ጊዜ መለሱ፤ «የለም። ወንድሙ ከናይሮቢ ቃሉን ልኮልናል። ሟቹ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከወንድሙ በቀር ሰው አልነበረውም።» እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ቦጂያ ይሄን የሚያወራልኝ! «ምስኪን፣ ሚስት እንኳን አልነበረውም» ብሎ ከንፈሩን መጠጠለት። ለባሌ!

«ለምን አሁን ታረቃችሁ?» አልኩት። ሳቀ። «ወንድሙ እኮ አማቻችን ሊሆን ነው! የአጎቴን ልጅ ድንቅቱን ናይሮቢ አግኝቷት፣ ካልሰጣችሁኝ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። በመካከላችን ደም መኖሩን ራሱ ጻፈልን። ደም ያለበት ቤት ልጅ አይሰጥም፤ አጎቴ ‹መጀመሪያ ጉማ› አለ። ከፋሲካ በኋላ ይዟት ይመጣል።»

እንግዳ ያልከኝ እሷን ነዋ። ጉርሙ፣ አንተ ሰው ማግባትህ አይደለም ያንገበገበኝ። ብትነግረኝ ኖሮ እንጣላ ነበር፣ እጮህብህ ነበር፣ ከዚያ ምናልባት እኔም ተጠርቼ፣ ቆሜ፣ «ባሌን ገድለሃል» ብዬው፣ እሱም አንገቱን ደፍቶልኝ፣ ጉማውን እበላ ነበር ይሆናል። እኔ እንጃ። አንተ ግን ከደሙ ፋቅኸኝ። «ሆርዶፋ ከእኔና ከአንቺ ሌላ ሰው የለውም» ብለህ የጻፍክልኝ እጅህ ነው «ሚስት የለውም» ብሎ የጻፈው። እምቢ እንደምል ስላወቅህ ከነጭራሹ አልተወለደችም አልካቸው። ተው እንጂ! ሰው እንዲህ ይደረጋል?

ኩርባዋ ላይ ምን እንደሆነ ልንገርህ።

ወረደ። እኔ መሪው ጋ ገባሁ፣ አንተ በላክልኝ ጫማ። ጀርባውን ለገደሉ ሰጠ፣ እጁን አነሳ። «ነይ፣ ነይ» አለ። ሄድኩለት። ደረቱ ጋ ልደርስ ስል ቆምኩና ራሴን በመስኮት አወጣሁ።

«ቦጂያ» አልኩት፣ «ያ ሰውዬ ሚስት ነበረችው።»

«ማን አለሽ? የለውም እኮ።»

«እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየው። በግራ ቋጥኝ፣ በቀኝ ናዳ፣ ከፊቱ መኪናዋ፣ ከኋላው አንተ የምታውቀው። የሚሄድበት የለውም። ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። «ጉማ በልቻለሁ!» አለ፤ «ሲስተር፣ በልቻለሁ እኮ፣ ታርቄያለሁ!»

«እኔ አልበላሁም» አልኩት። «በዚህ ሁሉ ወር አንድ ቀን አብሬህ ስበላ አይተኸኛል? ጨጓራ አለብኝ እንዴ? እርጎህን የት ያደረግሁት መሰለህ?»

ያኔ ገባው። «ልጆቼን» አለ፣ «ልጆቼን በይልኝ።»

«ጥራኝ» አልኩት።

«እ?»

«እንደ ሁልጊዜው። እጅህን አንሳና ጥራኝ። ነይ በለኝ።»

እጁን አነሳ። «ነይ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም፣ ከንፈሩ ብቻ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግሁ። መጣሁለት። ተረከዙ ሥር ያለው ጠጠር ሲንከባለል ሰማሁት፤ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ድምፁ እስኪጠፋ። «በቃ» አላለም፤ ለማለት የፈራ መሰለኝ። ያቆምኩት እኔ ነኝ። የመኪናዋ ጀርባ የነጭ ሸሚዙን ቁልፍ ነክቶታል።

አልገደልኩትም። ምሕረት እንዳይመስልህ። ገደል ቢገባ በደቂቃ ያልቅለታል፤ እኔ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አላለቀልኝም። ትንሽ ይቅመሳት ብዬ ነው። የፊት ማርሽ አስገብቼ ኩርባዋን በሁለተኛው ዙር ታጠፍኩና ሄድኩ። በመስታወት ሳየው ቋጥኙን ታቅፎ ተቀምጧል። ጌጤነሽ «ቦጂያስ?» አለችኝ። «ይመጣል፤ ሆዱን አሞት ነው» አልኳት። ደንዲን ከተብን፣ ጊንጪ ወረድን፣ አምቦ ገባን። ልጅቷ እስክንገባ እጀታውን እንደያዘች ነበር።

ቦጂያ ሥራ አልተመለሰም። ጊንጪ ያለው ቤቱ ተዘግቷል። የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም ይባላል። ያንተ በግ በከንቱ ታረደ።

እኔም ዝም አላልኩም። በማግሥቱ ለጉማው ወደ ተቀመጡት ሽማግሎች ሄድኩ፤ ደንዲ፣ ዋርካው ሥር። የጋብቻ ወረቀቴን አልያዝኩም፤ ሆርዶፋን በገመድ ያወጡትን ሁለት ገበሬዎች ይዤ ሄድኩ። «ሬሳውን ያጠበችው ይህች ናት» አሏቸው። ኦቦ ረጋሳ እያወቁኝ እንደካዱኝ ለሽማግሎቹ ተናገሩ። አልቀየምኳቸውም፤ አንተ በሉ ብለህ የጻፍክላቸውን ነው የማሉት። ሽማግሎቹ ተማከሩና ፈረዱ፤ ጉማው ፈርሷል፣ እንዳልተበላ ነው። የድንቅቱ አባትም እዚያው ነበር። ልጁን በደም ላይ እንደማይድርልህ ቆሞ ተናገረ። የእሱም ደብዳቤ እየመጣልህ ነው፤ የእኔን አስቀድሞ እንዲሰጥህ ጉዩን ለምኜዋለሁ። ከእኔ እንድትሰማው ፈልጌ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ወስነዋል። የሐሰት ቃል የላከው ወንድም ራሱ መጥቶ፣ ዋርካው ሥር ቆሞ፣ በሟቹ ሚስት ፊት ቃሉን ይመልስ ብለዋል። ካልመጣህ ድንቅቱ ብቻ አይደለችም፤ ከዚህ አገር ማንም ልጁን አይሰጥህም፣ ማንም ከአንተ ጋር አይበላም። ስለዚህ ትመጣለህ። ወረቀትህም ተስተካክሏል ብለሃል።

አስፋልቱ አምቦ ያደርስሃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደንዲ የሚወጣ መኪና አንድ ነው። በዚያ መንገድ የሚነዳ ሾፌር ስለጠፋ፣ መንጃ ፈቃዴ እስኪወጣ እያሉ መሪውን ለእኔ ሰጥተውኛል። ጠዋት ከጤና ጣቢያው በር ላይ አነሳሃለሁ። ጌጤነሽ እንደ ልማዷ ሳጥኗን ይዛ በእግሯ ትቀድማለች። እኔ መሪውን ለማንም አልለቅም።

ኩርባው ላይ ወርዶ «ነይ» የሚለኝ ሰው ያስፈልገኛል።

የሆርዶፋ ሚስት፣
ወርቅቱ